ቾፐር ስትጠቀሙ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሁለት ሦስት ሰው ለሚኖርበት ቤት ትልቅ የምግብ ማዘጋጃ ማሽን ብዙውን ጊዜ ቦታ ከመያዝ አያልፍም። ትንሿ የኤሌክትሪክ መክተፊያ፣ ማለትም ቾፐር፣ ትበቃለች። ሳህን፣ በሁለት ወገን የተጠማዘዘ ምላጭ፣ ክዳን፣ ከላይ ደግሞ ሞተር፤ በቃ ይኸው ነው። ሆኖም ገዝተው ሁለቴ ሞክረው ቁም ሳጥን ውስጥ የሚከቷት ሰዎች ብዙ ናቸው። "ሽንኩርቱን ውሃ አደረገችብኝ" ይላሉ። ማሽኗ እንደ ቢላ ልትከትፍ ተሠርታ እኛ እንደ ብሌንደር ስለምናሠራት ነው እንዲህ የሚሆነው።

ቁልፉን ተጭኖ መቆየት

ከሁሉም በላይ ሥራ የሚያበላሸው ይሄ ነው። ምላጩ በጣም ፈጣን ነው፤ በደንብ በተከተፈና በላመ ሽንኩርት መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ወይም ሦስት ሰከንድ ብቻ ነው።

ሳህኑ ግልጽ ከሆነ ዝም ብላችሁ ተመልከቱት። መጀመሪያ ስትጫኑ ትልልቁ ቁራጭ ወዲያና ወዲህ ይዘላል። ቀጥሎ ከሥር ያለው ይደቃል፣ ከላይ ያለው ግን እንዳለ ነው። እጃችሁን ሳታነሱ ከቀጠላችሁ የሥረኛው ወደ ፈሳሽነት ይለወጣል፤ የላይኛው ደግሞ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ አሁንም ትልቅ ነው። ይህን ወደ ድስት ስትገለብጡት ቶሎ አይጠበስም። ከሴሎቹ የወጣው ውሃ ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ የሚቀቀል እንጂ የሚቁላላ ነገር የለም። ጣዕሙም ይለወጣል። ሽንኩርት ሴሎቹ ሲፈርሱ ኢንዛይሙ ሥራ ይጀምራል፤ ያንን የሚያቃጥል ሽታ የሚፈጥረውም እሱ ነው። ብዙ በደቀቀ ቁጥር ይባስ ይከረፋል፣ አንዳንዴም ይመራል።

ስለዚህ ለአንድ ሰከንድ ያህል ተጫኑ፣ ልቀቁ፣ ምላጩ ቀጥ ብሎ እስኪቆም ጠብቁ። የተበተነው ወደ ሥር የሚወርደው በዚያች ፋታ ነው። ለመካከለኛ ክትፍ ሽንኩርት አራት አምስት ጊዜ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። መሃል ላይ ክዳኑን ከፍታችሁ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን በማንኪያ ወደ ታች ጥረጉት። ደግሞ "ትንሽ ቀርቶታል" ስትሉ አቁሙ። የቀረውን በቢላ ማስተካከል ይቻላል፤ የላመውን ግን መልሶ መክተፍ አይቻልም።

ሙሉውን መጣል

ግማሽ ሽንኩርት ወይም ሙሉ ካሮት ከከተታችሁ ምላጩ ላይ ተሰክቶ አብሮ ይሽከረከራል፣ ወይም ምላጩን ይዞ ያቆመዋል። ሞተሩ እያጓራ ምላጩ ካልዞረ ቶሎ ልቀቁ፤ ሞተር የሚቃጠለው በዚህ ጊዜ ነው። ሁሉንም ከሁለት እስከ ሦስት ሴንቲ ሜትር በሚሆን ቁራጭ አዘጋጁ። ቁራጮቹ ተመጣጣኝ ይሁኑ። ትልቁና ትንሹ ከተቀላቀለ ውጤቱም እንደዚያው ይሆናል።

ታዲያ ቢላ ካነሳሁ ማሽኑ ምን ያደርግልኛል የሚል አይጠፋም። እውነት ለመናገር ለአንድ ሽንኩርት ምንም አያደርግላችሁም። አራት አምስት ሽንኩርት ሲሆን ግን ልዩነቱ ይታያል።

ጢም አድርጎ መሙላት፣ ወይም አንዲት ፍሬ ብቻ መክተት

ሳህኑ ከሁለት ሦስተኛ በላይ ከሞላ ከላይ ያለው መውረጃ ቦታ ያጣል። ሁለት ጊዜ ከፍሎ መክተፍ አንድ ጊዜ አጭቆ ከመታገል ይፈጥናል።

ተቃራኒውም ችግር ነው። አንድ ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ብቻዋን ስትገባ ምላጩ መትቶ ግድግዳው ላይ ይወረውራታል፣ እዚያው ትቀራለች። ምላጩ የሚያገኘው በቂ ነገር መኖር አለበት። አለበለዚያ ከሽንኩርቱ ጋር ጨምሯት። ለአንድ ፍሬ ሲባል አራት ዕቃ ማጠብ ደግሞ ለእኔ ትርፍ የለውም፤ ቢላ ይሻላል።

ሁሉንም ባንድ ጊዜ መክተት

ካሮት እስኪደቅ ቲማቲም ጭማቂ ሆኖ ያልቃል። ጠንካራውን አስቀድሙ፣ ለስላሳውን መጨረሻ ላይ ጨምሩ። ቅጠላ ቅጠል ከሆነ ካጠባችሁት በኋላ በደንብ ይድረቅ። እርጥብ ቅጠል አይከተፍም፣ ይጨፈለቃል፤ ጠቁሮም ይወጣል። ለውዝም አያያዙን ይፈልጋል። ከመጠን በላይ ከተመታ ዘይቱ ይወጣና ቅቤ መሆን ይጀምራል። ቅቤ ከፈለጋችሁ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የተቀቀለ ድንች ደግሞ ፈጽሞ አትክተቱ፤ ስታርቹ ወጥቶ እንደ ማጣበቂያ ሙጫ ይሆናል።

የማትችለውን ማሸከም

በረዶ፣ አጥንት፣ ከፍሪዘር እንደወጣ የደረቀ ሥጋ፣ የቀረፋ እንጨት፣ የቡና ፍሬ። እነዚህ ምላጩን ያዶለዱማሉ፣ የፕላስቲክ ሳህኑን ይሰነጥቃሉ፣ ቢያንስ ቢያንስ ውስጡን ጭረት በጭረት ያደርጉታል። አንዳንድ ሞዴሎች በረዶ መፍጨት ይችላሉ፤ መመሪያው ላይ በግልጽ ካልተጻፈ ግን እንደማትችል ቁጠሩት። በተለይ በቻርጅ የሚሠሩት ትንንሾቹ አቅማቸው ውስን ነው። ለነጭ ሽንኩርትና ለዝንጅብል ቆንጆ ናቸው፣ ለካሮት ይታገላሉ።

ሥጋ ስትከትፉ ጅማቱንና ሞራውን አውጡ። ጅማት አይቆረጥም፤ የምላጩ ዘንግ ላይ ይጠመጠምና ሞተሩን ያንቀዋል። ሥጋው ፍሪዘር ውስጥ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ጠንከር ካለ በኋላ፣ ሳይደርቅ፣ ብትከትፉት ጥርት ብሎ ይወጣል። የሞቀ ሥጋ ግን ይላቁጣል። ሥጋ የነካው ሳህን ሳይታጠብ ሰላጣ እንዳይገባበት መቼም መናገር አያስፈልግም።

ትኩስ ነገር መክተት

ከእሳት የወረደ ሾርባ ወይም ስጎ አትክተቱ። እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ክዳኑን ይገፋዋል፣ ትኩሱም ፊት ላይ ይረጫል። ፕላስቲኩም ሙቀት ሲደጋገምበት ይሰነጠቃል። ለብ እስኪል ጠብቁ።

ሞተሩን አለማሳረፍ

እነዚህ ሞተሮች ለአጭር ጊዜ ሥራ ነው የተሠሩት። ማሽኗን ገልብጡና የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ። አንዳንዶቹ ላይ ኬቢ የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላትና ከጎናቸው ሰከንድ ወይም ደቂቃ ታገኛላችሁ። ያ ሳይቋረጥ የሚሠራበት የመጨረሻ ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ ማረፍ አለበት። ብዙ ሰው ይህን ጽሑፍ አይቶት አያውቅም፤ ሞተሩ ሲቃጠል ግን "ዕቃው ፎርጂድ ነው" ይላል። የሚቃጠል ነገር ከሸተታችሁ ሶኬቱን ንቀሉና ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ተዉት። አንዳንዶቹ ሲግሉ ራሳቸውን ያጠፋሉ፤ ሲቀዘቅዙ ይመለሳሉ።

ከሌላ አገር የመጣ ማሽን ከሆነ ቮልቱንም እዚያው ጽሑፍ ላይ አረጋግጡ። ለ120 ቮልት የተሠራ ማሽን 220 ቮልት ላይ ከተሰካ አለቀለት።

እጅን መላክ

አዲስ ምላጭ በጣም ስል ነው። ሶኬቱ ሳይነቀል እጅ ወደ ሳህኑ አይገባም። የቻርጁ ደግሞ የሚነቀል ሶኬት ስለሌለው መጀመሪያ ሞተሩን ከላይ አንሱት። ምግቡን የምትገለብጡትም ምላጩን ማዕከሉ ላይ ባለው ፕላስቲክ ይዛችሁ ካወጣችሁ በኋላ ነው። አለበለዚያ አብሮ ወደ ድስቱ ይወድቃል።

ክዳኑ በትክክል ካልገጠመ ብዙዎቹ ማሽኖች አይነሱም። ይህ ብልሽት አይደለም፣ ለጥንቃቄ የተሠራ ነው። በማንኪያ ነገር ጎርጉሮ ለማታለል መሞከር ጣት ያስከፍላል። ብዙውን ጊዜ ክዳኑ ጠርዝ ላይ የገባ ቁራጭ ሽንኩርት ነው ሥራውን የሚያስቆመው፤ ጥረጉትና እንደገና ግጠሙ።

"በኋላ አጥበዋለሁ" ማለት

የደረቀ ነጭ ሽንኩርት ለማስለቀቅ ያለውን ትግል የሞከረው ያውቀዋል። እንደጨረሳችሁ ሳህኑ ውስጥ ለብ ያለ ውሃና ጠብታ ሳሙና ጨምሩና ሁለት ሦስት ጊዜ ተጫኑ፤ አብዛኛው ይለቃል። የቀረውን በስፖንጅ ጨርሱት። ምላጩን አረፋ የሞላው ሳፋ ውስጥ ደብቃችሁ አትሂዱ። ቀጥሎ እጁን የሚከት ሰው አያየውም።

ሁለት ቦታ ይረሳል። አንዱ ምላጩ ዘንጉ ላይ የሚገባበት ቀዳዳ ነው፤ ውስጡ የተከተፈ ነገር ይሸጎጣል፣ ጠባብ ብሩሽ ይፈልጋል። ሁለተኛው የክዳኑ ጎማ ነው። የሚወጣ ዓይነት ከሆነ አውጥታችሁ እጠቡት፣ በደንብም ይድረቅ። ማሽኗ ንጹሕ መስላ የምትሸተው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ጎማ የተነሳ ነው። ሞተሩን ግን ውሃ አይንካው፤ በእርጥብ ጨርቅ ተወልውሎ ይበቃዋል። ካሮት ብርቱካናማ ያደረገውን ፕላስቲክ በትንሽ የምግብ ዘይት እሹትና ከዚያ በሳሙና እጠቡ፤ ቀለሙ ዘይት ውስጥ ስለሚሟሟ ይለቃል።

የተከተፈውን ያለ ጥንቃቄ ማስቀመጥ

ማሽን ሲኖር ለሳምንት የሚሆን መክተፍ ያምራል። ሽንኩርት በደንብ በሚከደን ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ ጥቂት ቀን ይቆያል። ነጭ ሽንኩርት ላይ ግን ልብ በሉ፤ ከትፎ ዘይት አፍስሶበት ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ አደገኛ ነው። ዘይቱ አየር ይከለክላል፣ አየር በሌለበት ደግሞ ቦቱሊዝም የሚባለውን ከባድ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ መርዝ ማምረት ይችላል። ሽታውም መልኩም ላይለወጥ ይችላል። ዘይት ያለበት ከሆነ ወዲያው ፍሪጅ ይግባ፣ በአራት ቀን ውስጥም ይለቅ። ከዚያ በላይ ለማቆየት በበረዶ መሥሪያ ቅርጽ ውስጥ በትንሽ በትንሹ አድርጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱት፤ ስታበስሉ አንድ አንዱን እያወጣችሁ በቀጥታ ድስት ላይ ትጥሉታላችሁ።