ግቢ የገባን እባብ ሳይነኩ ማስወጣት

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ብትሆንም፣ ወደ አንገረብና ወደ ቀሃ ወንዝ በሚወርዱት መንደሮች፣ በአዘዞና በጠዳ በኩል ባሉት የእርሻ ዳርቻዎች፣ እንዲሁም በአሮጌ የድንጋይ ካብ በታጠሩ ግቢዎች እባብ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ክረምት በርትቶ ጎርፍ ጉድጓዱን ሲሞላበት ደረቅ ቦታ ፍለጋ ይወጣል፤ ከኅዳር ጀምሮ ደግሞ አዝመራው ሲሰበሰብና ጭዱ ሲከመር አይጥ ወደ ቤት ስለሚጠጋ እባቡም አይጡን ተከትሎ ይመጣል። ወደ ቆላው፣ ወደ መተማና ወደ ታች አርማጭሆ በወረድን መጠን አደጋው እየከፋ ይሄዳል። በእርሻ ላይ ሰው በአብዛኛው የሚነከሰው እባቡን ሳያየው ረግጦት ወይም ከነዶ ጋር አፍሶት ነው። ግቢ ውስጥ አስቀድሞ የታየ እባብ ግን ሰው የሚነክሰው ሊገድሉት ወይም ሊይዙት ሲጠጉት ነው፤ ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ሳይጠጉ፣ ሳይነኩና ሳይቸኩሉ እባቡን ከቤት ስለማራቅ ነው።

እባቡን ባዩበት ቅጽበት ባሉበት ይቁሙ። እባብ የምድርን ንዝረት በሰውነቱ በደንብ ይለያል፣ በአየር የሚመጣን ድምፅ ግን እምብዛም አይሰማም፤ ጩኸታችን ከእርሱ ይልቅ ልጆቹንና ውሻውን ያስደነግጣል። ከዚያም ቀስ ብለው ወደ ኋላ እያፈገፈጉ በመካከላችሁ ቢያንስ ሦስት ሜትር ርቀት ይፍጠሩ፤ ዓይንዎን ግን ከእባቡ ላይ አይንቀሉ፤ የት እንደገባ ያልታወቀ እባብ ፊት ለፊት ከሚታየው ይልቅ ያስቸግራልና። ልጆቹን ወደ ቤት የሚያስገባ፣ ውሻውን የሚያስር፣ ዶሮዎቹን የሚሰበስብ ሌላ ሰው ይጥሩ። ስልክ በእጅዎ ካለ ከቆሙበት ሳይነቃነቁ አጉልተው ፎቶ ያንሡ፤ ምናልባት ሰው ቢነከስ ለሐኪሙ ይጠቅማል።

ሁሉም ሰው በመጀመሪያ የሚጠይቀው መርዛማ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ነው። በአገራችን ካሉት የእባብ ዓይነቶች የሚበዙት ለሰው አደገኛ አይደሉም፤ ነገር ግን በጭንቅላት ቅርጽ ወይም በቀለም ብቻ ለመለየት መሞከር ያሳስታል። ኮብራና ማምባ ጭንቅላታቸው እንደ ማንኛውም ጉዳት የለሽ እባብ ቀጭን ነው፤ እንቁላል ብቻ የሚበሉ ምንም ጉዳት የሌላቸው እባቦች ደግሞ መልካቸው ከእፉኝት ጋር ይመሳሰላል። ስለዚህ ያላወቁትን እባብ ሁሉ እንደ መርዛማ ይቁጠሩት።

እፉኝትን ግን ማንም ሰው ሊያውቀው ይገባል። አጭርና ወፍራም ነው፤ ርዝመቱ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሜትር አያልፍም፣ ውፍረቱ ግን የጎልማሳ ሰው ክንድ ሊያህል ይችላል። ጀርባው ላይ ከአንገቱ ጀምሮ የቀስት ጫፍ የሚመስሉ፣ ወደ ጅራቱ የሚያመለክቱ ጥቁርና ቢጫማ ምልክቶች ተደርድረዋል፤ በደረቅ ቅጠል ወይም በጭድ ላይ ሲተኛ ከጭዱ ለመለየት ያዳግታል። ሲቀርቡት ሰውነቱን ነፍቶ እንደ ወናፍ ያለ ረጅም ትንፋሽ ያሰማል። ሌላው እባብ ሰው ሲመጣ ይሸሻል፤ እፉኝት ግን መልኩን ተማምኖ ካለበት አይንቀሳቀስም፣ ብዙ ሰው የሚረግጠውም በዚህ ምክንያት ነው። ዝምታውን እንደ ድካም የቆጠረ ሰው ይሳሳታል፤ ሲነድፍ ዓይን ሊከተለው አይችልም። የእፉኝት ልጆች የእናታቸውን ሆድ ቀደው ይወጣሉ የሚለው የቆየ አባባል የመጣው እንቁላል ከመጣል ይልቅ በሕይወት ያሉ ልጆችን ስለምትወልድ ይመስለኛል። እናቲቱ አትሞትም፤ በአንድ ጊዜ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 40 ልጆች የምትወልድ ሲሆን እነርሱም ከተወለዱበት ቀን ጀምሮ መርዝ አላቸው። ስለዚህ አንዲት እርሳስ የምታህል እፉኝት ካብ ሥር ቢያገኙ ሌሎችም በአካባቢው ሊኖሩ እንደሚችሉ አስበው ልጆች ለተወሰኑ ቀናት በዚያ እንዳይጫወቱ ያድርጉ።

እባቡ ያለው ከቤት ውጭ ከሆነ ከሁሉ የተሻለው ዘዴ መንገዱን መልቀቅ ነው። የግቢውን በር ይክፈቱ፣ ሰው ከመውጫው በኩል እንዳይቆም ያድርጉ፣ ከዚያም በሩቅ ሆነው ይጠብቁ። ግማሽ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፤ በቀዝቃዛ ማለዳ ከሆነ ደግሞ ፀሐይ ሰውነቱን እስክታሞቀው ድረስ ላይንቀሳቀስ ይችላልና ከዚያም በላይ መታገሥ ያስፈልጋል። ድንጋይ መወርወር፣ ጭስ ማጨስ ወይም ናፍጣ መርጨት ወደ ካቡ ወይም ወደ ቤቱ እንዲገባ ከማድረግ በቀር የሚፈይደው ነገር የለም።

ቤት ውስጥ ከገባ ግን ያለበትን ክፍል ከሌሎቹ ክፍሎች ይለዩት። ወደ ውስጥ የሚያገናኘውን በር ዘግተው ከሥሩ ያለውን ክፍተት በፎጣ ወይም በአሮጌ ጋቢ ይድፈኑት፣ ወደ ውጭ የሚያስወጣውን በር ደግሞ ወለል አድርገው ይክፈቱት። በደጃፉ ላይ ከዳር እስከ ዳር አመድ ወይም ዱቄት በስሱ ይበትኑ፤ እባቡ ሲወጣ የተጎተተበት መስመር በግልጽ ይታያል። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው፣ ከዚያ ቀን ወዲያ ቤተሰቡ ገመድ ባየ ቁጥር መደንገጡ አይቀርም፤ አመዱ ላይ ያለው ምልክት ያንን ፍርሃት በእጅጉ ያቀልለዋል።

በባልዲ ማስወጣት የሚያስፈልገው መውጫ በሌለው ጥግ ላይ ሲገኝ ብቻ ነው። ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ጎረቤቴ የሆኑ እናት በማለዳ ጠሩኝ። በማድ ቤታቸው ውስጥ የከሰል ማዳበሪያውን ሲያነሡ ከግድግዳው ሥር አውራ ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው፣ ቡናማ፣ እንደ ተወለወለ ጫማ የሚያብረቀርቅ እባብ ተጠቅልሎ አገኙት። «ልጄ፣ ምን ቆመህ ታየዋለህ፤ በለው እንጂ!» አሉኝ። «እማማ፣ ብመታው ወደ እኔ ነው የሚዞረው፤ ደግሞ የመጣው አይጡን ሊበላልዎ ነው፤ እባክዎ ባልዲና መጥረጊያ ብቻ ይስጡኝ» አልኳቸው። እባቡ ቀስ ብሎ ተፈታ፣ ምላሱን ሁለት ሦስት ጊዜ አወጣ፣ በግድግዳው ሥር እየተሳበ ሄዶ በተጋደመው ባልዲ ጨለማ ውስጥ በገዛ ፈቃዱ ገባ። ሥራው ሁሉ ከሃያ ደቂቃ ያልበለጠ ሲሆን ከዚህ ውስጥ አብዛኛው ጊዜ ቆሞ መጠበቅ ነበር።

ለዚህ የሚያስፈልገው ክዳን ያለው የ20 ሊትር የቀለም ባልዲ፣ ሁለት ሜትር በሚሆን አጣና ጫፍ ላይ የታሰረ መጥረጊያ፣ ሌላ ባዶ አጣናና አንድ ጠፍጣፋ ጣውላ ነው። ክዳኑን አስቀድመው በምስማር በጥቃቅኑ ይብሱት። ቦት ጫማና ወፍራም ሱሪ ይልበሱ፣ መነጽርም ያድርጉ። ባልዲውን በጎኑ አጋድመው፣ አፉን እባቡ ወደሚመጣበት አቅጣጫ አዙረው፣ በአጣናው እየገፉ ከግድግዳው ጋር ያስጠጉት። እባብ ግድግዳ ተከትሎ መሄድንና ጨለማ ጉድጓድ መግባትን ስለሚወድ ባልዲውን እንደ መሸሸጊያ ይቆጥረዋል። መጥረጊያው ከጅራቱ በኩል በለስላሳው ለመምራት ብቻ ነው፤ መጫን፣ መምታት ወይም መቸኮል ሥራውን ሁሉ ያበላሻል። ሰውነቱ በሙሉ ሲገባ የባልዲውን አፍ በመጥረጊያው ከልለው ጠርዙን በሁለተኛው አጣና ገፍተው ያቁሙት፣ ጣውላውን በአፉ ላይ ያንሸራቱት፣ ከዚያም ክዳኑን ከጎን አምጥተው ይግጠሙት፤ በየትኛውም ደረጃ እጅዎ ከባልዲው አፍ በላይ ማለፍ የለበትም።

ይህንን ዘዴ ከአንድ ሜትር በሚረዝም እባብ፣ በእፉኝት ወይም አንገቱን አስፍቶ ቀጥ ብሎ በሚነሣ ኮብራ ላይ አይሞክሩት። በምሽት፣ ወይም ብቻዎን ሆነው፣ ወይም እባቡ ፍልጥ ክምር ውስጥ ተሸሽጎ ሳለም አይጀምሩት። እንዲህ ሲሆን ክፍሉን ዘግቶ ልምድ ያለው ሰው እስኪመጣ መጠበቅ ይሻላል። በሌላ አገር ሰዎች እባብን አንገቱን ይዘው ሲያነሡት በስልክ የሚታዩት ምስሎች እንዳያታልሉዎ፤ በአፍሪካ ውስጥ አፉን ሳይከፍት ጥርሱን በጎን አውጥቶ የያዘውን ጣት የሚወጋ እባብ አለ። ተገድሏል የተባለ እባብ እንኳ ጭንቅላቱ ከተቆረጠ በኋላ ለረጅም ጊዜ ሊነክስ ስለሚችል በእጅ አይነሣም።

የተከደነውን ባልዲ በእጅ አንጠልጥሎ ከመሄድ፣ እጀታውን በአጣና መካከል አስገብቶ ለሁለት በትከሻ መሸከም ይመረጣል፤ ሰው በተጫነበት ባጃጅ ውስጥ በፍጹም አይግባ። ሩቅ መውሰድም አያስፈልግም። እባብ መደበቂያውንና አደኑን የሚያውቀው በሚኖርበት አካባቢ ነው፤ ወደ ማያውቀው አገር ቢወሰድ ሲንከራተት የመሞት ዕድሉ ይጨምራል። ከቤቶች ርቆ ግማሽ ኪሎ ሜትር ገደማ ያለ፣ ቁጥቋጦና ድንጋይ የበዛበት ገደል ዳር ይበቃል። ሴቶች ልብስ የሚያጥቡበትን፣ እረኞች የሚያርፉበትን የወንዝ ዳር ይተዉት። ጽዱና ወይራው ጥቅጥቅ ስላለ የቤተ ክርስቲያን ግቢ ተስማሚ ይመስላል፤ ነገር ግን ካህናቱና ምእመናኑ ለማኅሌትና ለኪዳን በጨለማ፣ ያውም ጫማ አውልቀው የሚመላለሱበት ስፍራ ነውና እባብ አይለቀቅበትም። ቦታው ሲደርሱ ባልዲውን አጋድመው ክዳኑን ከኋላ ሆነው ይክፈቱ፣ አምስት ሜትር ያህል ይራቁና በራሱ ጊዜ ይውጣ። የጎረቤቴ እንግዳ ከባልዲው ወጥቶ ሁለት ድንጋዮች መካከል እስኪገባ ድረስ ሦስት ደቂቃ እንኳ አልቆየም።

ተመልሶ እንዳይመጣ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ከመበተን ይልቅ የአይጥን መኖ ማሳጣት ይጠቅማል። እህል በተከደነ በርሜል ይቀመጥ፤ የዶሮ ጥሬ በምሽት መሬት ላይ አይደር። ፍልጡ ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባለ ርብራብ ላይ ይደርደር፣ የካቡ ስንጥቅ በጭቃ ይመረግ፣ በበሩ ሥር ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ ይመታ። ከጭድ ክምር የሚወሰደው በመንሽ እንጂ በእጅ አይሁን። ለሥራ ወደ ቆላ የሚወርዱ ወንድሞቻችንም በተቻለ መጠን ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ፣ ጠርዙ ፍራሽ ሥር በተጠቀጠቀ አጎበር ውስጥ ይተኙ፤ አጎበሩ ከወባ በተጨማሪ ሌሊት የሚሳበውንም ይከላከላል።

ሰው ቢነከስ የሚባክን ጊዜ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት የእባብ ንክሻን እ.ኤ.አ. በ2017 ትኩረት ከተነፈጋቸው የቆላ በሽታዎች መካከል የመዘገበው፣ በዓለም በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 የሚገመት ሰው ስለሚሞትበት ነው። የተነከሰውን ሰው ከእባቡ አርቀው ያስቀምጡት፤ እንዳይራመድም ያድርጉ። እብጠቱ ሳይጀምር ቀለበት፣ አምባርና ጠባብ ጫማ ያውልቁለት፣ የተነከሰውን እግር ወይም እጅ እንደ ተሰበረ አጥንት በእንጨት ደግፈው ሳያጠብቁ ይሰሩት። በገመድ ማነቅ፣ ቁስሉን በምላጭ መብጣት፣ በአፍ መምጠጥ፣ ጥቁር ድንጋይ መለጠፍ፣ አረቄ ማጠጣት ሁሉም ይጎዳሉ፤ በተለይ የእፉኝት መርዝ ሥጋን ስለሚያበሰብስ ማነቁ እግሩን ሊያሳጣው ይችላል። ጠበሉንና ጸሎቱን ማንም አይከለክልም፤ ግን መኪናው ላይ ሆኖ ይሁን። መርዝ ዓይን ውስጥ ከተረጨ ሳያሹ በብዙ ንጹሕ ውኃ ለ15 ደቂቃ ያህል ይታጠብ፤ ከዚያም ወደ ሐኪም ይሂድ።

አምቡላንስ በ907 ይጠራል፤ ካልተገኘ የተገኘው መኪና ይበቃል። በከተማው ያለ ሰው ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይሂድ፤ በአብደራፊ በኩል ደግሞ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ለቀን ሠራተኞች የእባብ ንክሻ ሕክምና ሲሰጡ ቆይተዋል። የመርዝ ማርከሻው በደም ሥር የሚሰጥና ራሱ ከባድ አለርጂ ሊያስነሣ የሚችል መድኃኒት ስለሆነ ከሕክምና ተቋም ውጭ አይወሰድም። እባቡን ለማሳየት ብሎ አሳዶ መግደል አያስፈልግም፤ ያነሡትን ፎቶና የተነከሰበትን ሰዓት ይንገሩ። ሐኪሙ ደም በብርጭቆ ቱቦ ቀድቶ ለ20 ደቂቃ ሳይነካ ሊያቆየው ይችላል፤ ደሙ ካልረጋ መርዙ በሰውነት ውስጥ እየሠራ ነው ማለት ነው። ምንም ሕመም ባይሰማም የተነከሰው ሰው 24 ሰዓት ሳይሞላው ከሐኪም ዓይን አይራቅ።