ከጃፓን ጊታርና ፔዳል ሲያስመጡ ኪስ የሚያራቁቱ ስህተቶች

ጃፓን ውስጥ ብቻ የሚሸጡ ጊታሮች አሉ። ጊታር ሠሪው ፌንደር ለጃፓን ገበያ ብሎ የሚያወጣቸው ቀለሞች ሌላ አገር ሱቅ ውስጥ አይገኙም። ፔዳል፣ ማለትም በእግር እየተረገጠ የጊታሩን ድምፅ የሚቀይር ሳጥን፣ የሚሠራው ቦስም በ2023 50ኛ ዓመቱን ሲያከብር ሦስት የታወቁ ፔዳሎቹን ለዚያው ዓመት ብቻ በልዩ መልክ ሠርቶ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ስክሪን ላይ ሲታይ እጅ ያሳክካል። «ሁለት ብቻ ቀርቷል» ከተባለማ አለቀ፣ ሒሳብ የሚሠራ ሰው የለም።

እኔ ሜሪላንድ ሆኜ ለራሴም፣ አዲስ አበባ ላለው ታናሽ ወንድሜም እቃ አስመጣለሁ። መንገዱ ቀላል ነው። ጃፓን ያለ እቃ አስተላላፊ ድርጅት የመጋዘኑን አድራሻ ይሰጣችኋል። ሻጩ እዚያ ይልካል፣ ድርጅቱ ደግሞ ወደ እናንተ ያሻግራል። ስህተቶቹን በገንዘቤ ነው የተማርኳቸው።

ኪሎውን ብቻ ማየት

የመጀመሪያው ጊታሬ ከነካርቶኑ 6 ኪሎ ተኩል ነበር። የ6 ኪሎ ተኩል ማጓጓዣ አስልቼ፣ ደስ ብሎኝ ገዛሁ። ቢሉ ሲመጣ የ22 ኪሎ ሆኖ መጣ። «ተሳስታችኋል» ብዬ ጻፍኩላቸው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።

ፈጣን መልእክት አድራሾች ሁለት ነገር ያያሉ፤ እቃው የሚመዝነውንና የሚይዘውን ቦታ። የሚያስከፍሉት በሚበልጠው ነው። የቦታው ሒሳብ እንዲህ ነው፦ ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ በሴንቲሜትር ይባዙና ለ5,000 ይካፈላሉ። የእኔ ካርቶን 115 በ48 በ20 ነበር። ሲባዛ 110,400፣ ለ5,000 ሲካፈል 22 ኪሎ። በቃ፣ አየር ጭኜ ነው የከፈልኩት።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩን የካርቶኑን ልክ ጠይቁት። ኢኤምኤስ የሚባለው የፖስታ ቤት አገልግሎት ከጃፓን ሲነሳ የሚያስከፍለው በትክክለኛው ክብደት ነው፤ ለጊታር ብዙ ጊዜ እሱ ያዋጣል። ግን ከ30 ኪሎ በላይ አይቀበልም፣ የርዝመት ገደብም አለው። ወደ እናንተ አገር በዚያ ሰሞን መላኩንም አረጋግጡ።

ሶኬቱ ስለገባ ይሠራል ማለት

ይሄኛው ነው ያቃጠለኝ። የወንድሜን ነው ያቃጠለው ልበል እንጂ።

የጃፓን ኤሌክትሪክ 100 ቮልት ነው። አሜሪካ 120፣ ኢትዮጵያ 220። የጃፓን ሶኬት ደግሞ ጠፍጣፋ ባለ ሁለት እግር ስለሆነ አሜሪካ ግድግዳ ላይ ልክ የተሠራለት ይመስል ይገባል። ሰውን የሚያታልለው ይሄ ነው። 100 ቮልት የተጻፈበት እቃ 120 ላይ ሲሰካ ወዲያው ላይሞት ይችላል፤ ይሞቃል፣ ዕድሜው ያጥራል። 220 ላይ ግን ምሕረት የለም። ለወንድሜ የከበሮ ድምፅ የሚያወጣ ትንሽዬ ድራም ማሽን ከነአዳፕተሩ ልኬለት፣ መርካቶ በገዛው የሶኬት መቀየሪያ ሰካው። ማታ ደወለ። «ጋሼ፣ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ» አለኝ። መቀየሪያው የእግሩን ቅርጽ እንጂ ቮልቱን አይቀይርም።

አዳፕተሩ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ አንብቡ። ኢንፑት 100–240 ቮልት ካለ የትም አገር ይሠራል። 100 ብቻ ካለ እሱን ተዉትና በአገራችሁ ቮልት የሚሠራ ግዙ። የቦስ አዳፕተር በስሙ ራሱ ይናገራል፤ ፒኤስኤ-100 የጃፓን፣ ፒኤስኤ-120 የአሜሪካ፣ ፒኤስኤ-230 የአውሮፓ ነው። ኢትዮጵያም የሚሆናት የመጨረሻው ነው። ሌላ ስትገዙ የሚወጣው ቮልት፣ አምፔሩና ፕላስ ማይነሱ መግጠማቸውን እዩ። የኃይል ገመዱ በቀጥታ ከውስጥ የሚወጣ አሮጌ ሲንተሳይዘር ወይም አምፕሊፋየር ከሆነ ግን ወደ 100 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ግድ ነው። ትራንስፎርመር ደግሞ ከባድ ነው፤ ከጃፓን አታስመጡት፣ ካላችሁበት ግዙ።

«ካርቶኑን ጣሉልኝ» ማለት

የማጓጓዣ ሒሳብ ያስደነገጠው ሰው ወዲያው የሚሠራው ስህተት ነው። አስተላላፊዎቹ የተለያዩ እቃዎችን ጠቅልለው በአንድ ካርቶን ይልካሉ፣ ትርፍ ካርቶንም ይጥላሉ። ጥሩ አገልግሎት ነው። ግን በተወሰነ ቁጥር የተሠራ ፔዳል ነገ ሲሸጥ ከነካርቶኑና ከነወረቀቱ ነው ዋጋ የሚያወጣው። የሚጣለው የሻጩ የውጭ ካርቶን ብቻ እንደሆነ በጽሑፍ ንገሯቸው። ጊታር ከሆነ ክሩን ትንሽ እንዲያላላ ሻጩን ጠይቁት፤ የመጋዘን ሠራተኛ አይነካውም።

የቀረጡን ነገር መርሳት

አሜሪካ ያለን ሰዎች ለዓመታት ተመችቶን ነበር። እስከ 800 ዶላር የሚያወጣ ጥቅል ያለ ቀረጥ ይገባ ነበር። ኦገስት 29 ቀን 2025 ያ በር ተዘጋ። ተመኑም ስለሚቀያየር የባለፈው ዓመት ሒሳብ ዛሬ አይሠራም። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ቀረጡ የሚሰላው እቃው በተሠራበት አገር መሆኑን ነው። ቶኪዮ የተገዛ ፔዳል ጀርባው ላይ «ማሌዢያ» ሊል ይችላል።

የአውሮፓ ኅብረት አገር ያላችሁ ከጁላይ 2021 ወዲህ ከመጀመሪያዋ ዩሮ ጀምሮ ቫት አለባችሁ፤ ጀርመን 19 በመቶ ነው። ኢትዮጵያ ከጉምሩክ ቀረጡ ሌላ ቫት 15 በመቶ፣ ሱር ታክስ 10 በመቶ አለ። አውሮፓም ኢትዮጵያም ሒሳቡ የሚጀምረው ማጓጓዣውና ኢንሹራንሱ ከእቃው ዋጋ ጋር ተደምረው ነው። ያ የ22 ኪሎ ቢል ሌላ ቢል ይወልዳል ማለት ነው።

«ስጦታ ነው፣ 20 ዶላር ብላችሁ ጻፉልኝ» የሚል ብልጠትም አለ። ሕገ ወጥ ነው። እቃው ቢሰበር ደግሞ ካሳችሁ ከዚያችው 20 ዶላር አያልፍም።

ሻጩ ይመልስልኛል ብሎ መተማመን

ብዙዎቹ የመገበያያ ድረ ገጾች ለገዢ የሚሰጡት ዋስትና እቃው መጋዘኑ ሲደርስ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ የተሰበረው የእናንተ ነው። እቃው መጋዘን እንደደረሰ ፎቶ አስነሱ፤ የሲሪያል ቁጥሩ፣ የጊታሩ አንገት፣ ማዕዘኖቹ ይታዩ። የምትከፍሉባት ጥቂት ዶላር አታስቆጭም። ጃፓኖች «ጃንክ» ብለው የሚሸጡትን ደግሞ ተጠንቀቁ። ቢሠራም ባይሠራም አልጠየቅም ማለታቸው ነው፤ ሰው ግን ዋጋውን አይቶ «ትንሽ አቧራ ይሆናል» ይላል።

የተከለከለውን አለማየት

አብሮት የተሠራ ሊቲየም ባትሪ ያለው ማሽን በሁሉም የአየር መንገድ አይሄድም፤ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የብራዚል ሮዝውድ የሚባለው እንጨት ያለበት አሮጌ ጊታር ከሆነ ጨርሶ አትሞክሩት። ከ1992 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት ጥብቅ ቁጥጥር ሥር ነው። ሌላው ሮዝውድ ግን ከ2019 መጨረሻ ወዲህ በተሠራ የሙዚቃ መሣሪያ ላይ ሲሆን ፈቃድ አይጠየቅበትም።

በሰው መላክ

የኛ ነገር ነው መቼም፣ የመጨረሻው ጉዞ በሰው ሻንጣ ነው። ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ይዞ የሚሄድ ሰው ተለምኖ አንድ ጥግ ይሰጣችኋል። ስህተቱ «ትንሽ እቃ ናት» ብሎ አሽጎ መስጠት ነው። ቦሌ ላይ «ይሄ ምንድነው?» ሲባል ምስኪኑ መልስ የለውም። ከፍታችሁ አሳዩት፣ ደረሰኙንም አብራችሁ ስጡት።

ባለፈው ለወንድሜ ሌላ ድራም ማሽን እንዲሁ ላክሁለት፣ ከነካርቶኑ ከነደረሰኙ። የጃፓኑን አዳፕተር ግን አውጥቼ መሳቢያዬ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ይደውላል፣ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ጎድሏል» ይለኛል። አልልክለትም።