በርበሬው ሳያርር፣ ጨዋታው ሳይቋረጥ፦ ለምግብ ፕሮግራም አቅራቢነት ውድድር እንዴት መዘጋጀት ይቻላል?

አዲስ የምግብ ፕሮግራም አቅራቢ በሚመረጥበት የቴሌቪዥን ውድድር ላይ ሁለት ጊዜ ቀርቤያለሁ። በመጀመሪያው ጊዜ ገና በመጀመሪያው ዙር ወደቅሁ። በሁለተኛው ከመጨረሻዎቹ ስድስት ሰዎች አንዷ ነበርኩ። በመካከሉ የተለወጠው ሙያዬ አይደለም። ወጥ መሥራቱንማ እናቴ ጎንደር ውስጥ፣ ማራኪ ሠፈር ባለው ቤታችን ጓዳ፣ ገና በልጅነቴ አስተምራኛለች። የተለወጠው እያበሰልኩ የማወራበት መንገድ ነው። ይህን የሚያስተምረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ አንድ ዓመት አላባክንም ነበር። ለዚህ ነው የምጽፈው።

1. ውድድሩ ማንን እንደሚፈልግ እወቁ

የምግብ ባለሙያ ውድድርና የአቅራቢ ውድድር አንድ አይደሉም። በመጀመሪያው ዳኛው የሚያየው ሳህኑን ነው። በሁለተኛው የሚያየው እናንተን ነው። አሜሪካ ውስጥ ፉድ ኔትወርክ የሚባለው ጣቢያ በፈረንጆቹ 2005 እንዲህ ያለ ውድድር ጀምሮ ለዓመታት አካሂዷል። በ2006 ያሸነፈው ጋይ ፊዬሪ የተሸለመው የራሱን ፕሮግራም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከስክሪን አልጠፋም። እዚያ ዳኞቹ ከተወዳዳሪው አጥብቀው የሚፈልጉት በምግብ ላይ ያለውን የራሱን ዓይን ነው። የሚጣፍጥ ነገር የሚሠራ ሰው ሞልቷል። ሰው በሚቀጥለው ሳምንትም ቁጭ ብሎ እንዲያያችሁ የሚያደርገው ነገር ምንድን ነው?

መልሱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። የእኔ "የጾም ምግብን ለክብር እንግዳ የሚቀርብ አድርጌ አሳያለሁ" የሚል ነው። ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ለጎንደር ልጆች አንድ ነገር ልበል፦ "የመጣሁት ከፋሲል ከተማ ነው" ብላችሁ አትጀምሩ። ግንቡ ኩራታችን ነው፤ ግን ከእኛ የሚሄደው ሁሉ የሚጀምረው በእሱ ነው፤ ስለ እናንተም ስለ ድስታችሁም የሚናገረው ነገር የለም። የእናታችሁ ጓዳ ቅዳሜ ጠዋት ምን ምን እንደሚሸት ብትናገሩ ጎንደርን የበለጠ ታሳያላችሁ።

ፎርም መሙላቱንና ፎቶ ማያያዙን አልነግራችሁም። ቀኑ እንዳያልፋችሁ ብቻ።

2. በተሰጣችሁ ሰዓት የሚያልቅ ምግብ ምረጡ

ዶሮ ወጥ አይሁን። እንደምትወዱት አውቃለሁ፤ እኔም እወደዋለሁ። ግን የሚሰጣችሁ ሰዓት ብዙ ጊዜ ከ45 ደቂቃ አያልፍም። የዶሮ ወጥ ሽንኩርት በወጉ ላቁላላ ካላችሁ ቁሌቱ ብቻውን ከሰዓት በላይ ይወስዳል። 12ቱን ብልት ማውጣቱና በሎሚና በጨው ማጠቡ ገና አልተቆጠረም። ተጣድፎ የተሠራ ዶሮ ወጥ ደግሞ የሐበሻ ዳኛ አይሸወድበትም።

እኔ በሁለተኛው ጊዜ የመረጥኩት የሽምብራ ዓሣን ነው። የደምቢያ ሽምብራ ቅርባችን ነው፤ ዱቄቱን ራሴ አስፈጨሁት። ዱቄቱ በዘይት፣ በጨውና በጥቂት ውኃ ይለወሳል፣ ይዳመጣል፣ በዓሣ ቅርጽ ይቆረጣል፣ ይጠበሳል፣ በመጨረሻ ቁሌቱ ውስጥ ይገባል። ለሦስት ራስ ሽንኩርት ቁሌት 20 ደቂቃ ይበቃል። ለካሜራም የታደለ ምግብ ነው። ሊጡ በእጃችሁ ላይ ዓሣ ሆኖ ሲወጣ የማያውቀው ሰው ዓይኑን መንቀል አይችልም።

ምግቡን ከመረጣችሁ በኋላ ቢያንስ አምስት ጊዜ ሰዓት ይዛችሁ ሥሩት። ከውጭ ቪዲዮ ላይ ያያችሁትን ደቂቃ አትመኑ። እኔ "15 ደቂቃ" የተባለውን ምስር በልምምድ ላይ አምኜ ጥሬውን አውጥቼዋለሁ። ምክንያቱ ቀላል ነው። በባሕር ጠለል ላይ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች እኛ ጋ በ93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የሚንተከተከው ውኃ የእነሱን ያህል ትኩስ ስላልሆነ ጥራጥሬ እኛ ጋ ይዘገያል። አዲስ አበባም ከፍታ ላይ ስለሆነች ለውድድሩ እዚያ ስትሄዱ ቤት የለካችሁት ሰዓት ይሠራል።

3. እጅና አፍን አስማሙ

ዋናው ይህ ነው። እኔን የጣለኝም ይህ ነው።

በመጀመሪያው ውድድር ካሜራው ሲበራ የማደርገውን ሁሉ መናገር ጀመርኩ። "አሁን ዘይት እጨምራለሁ። አሁን ሽንኩርቱን አማስላለሁ።" ከዚያ በርበሬውን እንደጨመርኩ አንዱ ዳኛ ወጥ መሥራት ከማን እንደተማርኩ ጠየቀኝ። ፊቴን ወደ እሱ አዞርኩና ስለ እናቴ መናገር ጀመርኩ። እጄ ቆመ። ማማሰያው ድስቱ ውስጥ እንደተገተረ ነበር። በርበሬ ደግሞ አይጠብቅም። ታሪኬን ሳልጨርስ አረረ፤ ጭሱ ክፍሉን ሞላው። ዳኞቹ ሳሉ። ካሜራ የያዘው ልጅ ሳይቀር ፊቱን አዞረ። ምግቤ ሳይቀመስ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ወራት ያህል ተናደድኩ። መልሱን ያገኘሁት ቤታችን ውስጥ ነው። አንድ ቀን እናቴ ቡና ስታፈላ አየኋት። ፊቷ ወደ እንግዶቹ ነው። ቡናውን ትቆላለች፣ ትጠይቃለች፣ ትመልሳለች፤ ቡናው ሊነድባት ሲል ግን ወሬዋን ገታ አድርጋ መቁያውን ታነሳለች። "አሁን ቡና እየቆላሁ ነው" ስትል ሰምቻት አላውቅም። እንግዳው እያየ ምን ብላ ትለዋለች?

ስለዚህ ልምምዳችሁን በቡና ጀምሩ። ስልካችሁን እንግዳ የሚቀመጥበት በርጩማ ላይ አቁሙት፣ ቅረጹ፣ ከአቦል እስከ በረካ አጫውቱት። ቀረጻውን ሁለት ጊዜ እዩት። አንዴ ድምፁን አጥፍታችሁ፦ ፊታችሁ ይታያል? ወይስ አናታችሁ ብቻ? ሌላ ጊዜ ስልኩን ገልብጣችሁ ድምፁን ብቻ ስሙ፦ የሚያስርብ ነገር አለው? እኔ በመጀመሪያው ቀረጻዬ "ማለት ነው" የሚለውን በአሥር ደቂቃ ውስጥ 31 ጊዜ ብዬዋለሁ። ቆጥሬ ደነገጥኩ። ብትቆጥሩ እናንተም አንድ እንዲህ ያለ ቃል ታገኛላችሁ።

ቀጥሎ ካሜራው የሚያየውን መናገር አቁሙ። የማያየውን ተናገሩ። ሽታ አያይም፣ ሙቀት አያይም፣ ምክንያት አያይም። "ሽንኩርቱን እያማሰልኩ ነው" ከማለት ይልቅ እንዲህ በሉ፦ "ድምፁን ስሙት። ውኃው እስካለ ድረስ ይንቦጫቦጫል። ውኃውን ሲጨርስ መንጫጫት ይጀምራል። ዘይት የምጨምረው ያኔ ነው።" ቤቱ ተቀምጦ የሚያያችሁ ሰው ነገ ድስቱ ላይ ጆሮውን ይጥላል። አንድ ነገር ሰጣችሁት ማለት ነው።

ሥራዎቹን ደግሞ ለሁለት ክፈሏቸው። የሚያስወሩ አሉ፤ መለወስ፣ መላጥ፣ መዳመጥ፣ ቀስ ብሎ ማማሰል። የማያስወሩ አሉ፤ በርበሬ መጨመር፣ የጋለ ዘይት ውስጥ መክተት፣ በፍጥነት መክተፍ። ታሪካችሁን፣ ስለ እናታችሁ፣ ስለ አካባቢያችሁ የምትሉትን ሁሉ በሚያስወሩት ላይ አድርጉ። እኔ ስለ ደምቢያ የምናገረው ሊጡን ስለውስ ብቻ ነው። በርበሬ ከመጨመራችሁ በፊት ዓረፍተ ነገራችሁን ጨርሱ። አጠገባችሁ በስኒ ውኃ ይኑር፤ በርበሬው ሲገባ ወዲያው ጠብ አድርጉለት። ለዚያች ግማሽ ደቂቃ ዝም ብትሉ ማንም አይቀየማችሁም። ሰው በርበሬው ሲፈካ ማየት ይወዳል።

የመጨረሻው ልምምድ መቋረጥ ነው። ታናሽ ወንድሜን ያልጠበቅሁትን ጥያቄ መሀል ላይ እንዲወረውርልኝ አደረግሁት። ሕጉ አንድ ነበር፦ ማማሰያው ከቆመ ተሸነፍኩ። በሁለት ሳምንት እጄ ለመደ። ማየት የሚፈልግ ደግሞ ቅዳሜ ገበያ ሄዶ በርበሬ ሻጮቹ ፊት ይቁም። አንዷ ለሦስት ደንበኛ እየመለሰች፣ ዋጋ እየተከራከረች፣ የሚሰፍረው እጇ ለአፍታ አይቆምም። ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም።

4. ዕቃና ልብስ

ለልምምድ መብራትና የስልክ ማቆሚያ መግዛት አያስፈልግም። ገንዘቡን ለጥሩ ቢላ አውጡት። ደነዝ ቢላ ሽንኩርቱን ስለሚጨፈልቀው ዓይናችሁ ያነባል፤ ካሜራ ፊት ደግሞ በመዳፋችሁ መጥረግ አትችሉም። ሽንኩርት በማሽን መፍጨትን አልወደውም። ውኃ ያወጣል፣ አንዳንዴ ይመራል፣ ለዓይንም አያምርም።

ማማሰያችሁ የእንጨት ይሁን። ብረት ከብረት ሲጋጭ ማይክራፎኑ ከእናንተ ድምፅ በላይ ይይዘዋል። አምባርም እንደዚሁ፤ አውልቁት። የሸክላ ድስት ያምራል፤ ግን ታቹ ክብ ከሆነ በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ አይቀመጥም። ታቹ ጠፍጣፋ የሆነ ድስት ያዙ። ቤት ውስጥ በከሰል ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ከዘመድም ቤት ቢሆን በኤሌክትሪክ ምድጃ ተለማመዱ። ምድጃው ካጠፋችሁትም በኋላ ትኩስ ነው፤ ድስቱን ማውረድ አትርሱ።

የሐበሻ ቀሚስ መልበስ ከፈለጋችሁ እጅጌው ጠበብ ይበል። ነጠላውን ወገባችሁ ላይ እሰሩት። በትከሻ ላይ የተጣለ ነጠላ እሳት ዳር አደጋ ነው።

በርበሬና ቅመማችሁን ከቤት ያዙ። ከጎንደር አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ደርሳችሁ የማታውቁትን በርበሬ ገዝታችሁ መወዳደር የለባችሁም። ሁለት ቦታ ቋጥሩት፤ አንዱ ቢፈስ ሌላው አለ።

5. የውድድሩ ቀን

ቁርስ ብሉ። ምድጃውን ቀድማችሁ ለኩሱና ሙቀቱን ፈትኑ። ካሜራ ፊት ቅመሱ፣ የቀመሳችሁትን ተናገሩ። "ይጣፍጣል" አይበቃም። ጨው ጎድሎት ከሆነ "ጨው ይፈልጋል" ብላችሁ ጨምሩ። ተመልካች የሚያምነው እንዲህ የሚለውን ሰው ነው።

አንድ የአስተዳደግ ነገር አለ። እንግዳ ስናበላ "እንደምፈልገው አልሆነልኝም፣ ይቅርታ" ማለት ወግ ነው። እንግዳውም "ኧረ እጅሽን ይባርከው!" ይላል። ዳኛ ግን እንደዚያ አይልም። ይቅርታ ያላችሁበትን ጉድለት ይፈልገዋል፣ ያገኘዋልም። ስለዚህ ሳህኑን አስቀምጡ፣ የምግቡን ስም ንገሩት፣ በምን እንደሚበላ አሳዩት። ጉርሻ ማጉረስ ከፈለጋችሁ አስፈቅዱ፤ አንዷ ዳኛ እሺ ብላኝ የሽምብራ ዓሣውን በእጄ አጉርሻታለሁ። ከዚያ ዝም በሉ። አላምጦ እስኪውጥ ጠብቁ፤ ሲጠይቃችሁ ብቻ መልሱ።