የወንዝ ጀልባ መልህቅ አልይዝ ሲል ወይም አልላቀቅ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ብዙ ሰው መልህቁ አልይዝ ሲለው መጀመሪያ የሚያስበው ክብደት መጨመር ነው። ወንዝ ላይ ግን ክብደት ብቻውን ብዙ ርቀት አይወስድም። የውሃው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጀልባውን የሚገፋው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ጀልባውን የሚያቆመው መልህቁ ወለሉን መቆንጠጡና ገመዱ የሚስብበት አቅጣጫ ነው።

ጀልባው ቀስ እያለ ወደ ታች ይንሸራተታል

መንሸራተታችሁን ለማወቅ ዳር ላይ አንድ ዛፍና ከኋላው ያለ ሌላ ነገር መርጣችሁ በአንድ መስመር ተመልከቱ። መስመሩ እየተዛነፈ ከሄደ መልህቁ አልያዘም።

መጀመሪያ ገመዱን ጠርጥሩ። አጭር ገመድ መልህቁን ወደ ላይ ይነቅለዋል፤ ረጅም ገመድ ግን ወለል ለወለል ይስበዋል። ጥልቀቱ 3 ሜትር፣ የጀልባው አፍንጫ ከውሃው በላይ ግማሽ ሜትር ቢሆን፣ ድምሩ 3.5 ነው። ይህን በ5 ስታባዙ የምትለቁት ገመድ ርዝመት 17.5 ሜትር ይመጣል። ውሃው ከፈጠነ በ7 አባዙት። በገመዱና በመልህቁ መካከል ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ሰንሰለት ጨምሩ። ሰንሰለቱ የመልህቁን ዘንግ ወደ ወለሉ ያስተኛዋል፤ ገመዱንም ከድንጋይ ስለት ይጠብቀዋል።

ገመዱ በቂ ሆኖም ከተንሸራተተ ወለሉን አስቡ። አሸዋና ጠንከር ያለ ጭቃ ላይ ሁለት ሰፋፊ ክንፍ ያለው መልህቅ ቆፍሮ ይገባል። ድንጋይና ግንድ የበዛበት ቦታ ላይ ግን ክንፉ የሚገባበት አያገኝም፤ እዚያ የሚያዋጣው ባለ አራት ወይም ባለ አምስት ጣት መንጠቆ ነው። እንጉዳይ የሚመስለው ክብ መልህቅ ለለስላሳ ደለልና ለዝግተኛ ውሃ ብቻ ይሁን።

ቆርቆሮ ውስጥ ኮንክሪት ሞልታችሁ የሠራችሁት ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ኮንክሪት ውሃ ውስጥ ከክብደቱ 40 በመቶ ያህሉን ያጣል። ደረቅ መሬት ላይ 10 ኪሎ የነበረው ወለሉ ላይ ወደ 6 ኪሎ ይጠጋል። 10 ኪሎ ብረት ግን 8.7 ኪሎ ያህል ሆኖ ይቀራል። ኮንክሪቱን ረጋ ላለ ውሃ አስቀምጡት።

መልህቁ ድንጋይ ስር ገብቶ አልወጣ ይላል

መፍትሄው ከመጣላችሁ በፊት ነው የሚዘጋጀው። ሰንሰለቱን መልህቁ አናት ላይ ባለው ቀለበት ሳይሆን ከታች፣ ጣቶቹ በሚገናኙበት በኩል እሰሩት። ከዚያ በዘንጉ በኩል አምጡና አናቱ ቀለበት ላይ በቀጭን ሲባጎ ወይም በፕላስቲክ ማሰሪያ ያዙት። በአዘቦቱ ከአናቱ ይሳባል። ሲጣበቅ ጠንከር አድርጋችሁ ስትስቡ ሲባጎው ይበጠስና መልህቁ በጀርባው በኩል ይወጣል። የሲባጎውን ጥንካሬ ጥልቀት በሌለው ቦታ ሞክሩት፤ በጣም ከቀጠነ ዓሣ እያጠመዳችሁ ሊበጠስ ይችላል።

ሞተር ካላችሁ ከመልህቁ በላይ፣ ውሃው ወደሚመጣበት ወጣ ብላችሁ ሞክሩ። ብዙ ጊዜ የያዘው ከተቃራኒው ሲሳብ ይለቃል። ገመዱ ፕሮፔለሩ አጠገብ እንዳይደርስ አደራ። የሚንሳፈፍ ፖሊፕሮፒሊን ገመድ ለዚህ ያስቸግራል፤ የሚሰምጥና ትንሽ የሚለጠጥ ናይለን ይሻላል።

ኋላው ይዘቅጣል፣ ውሃ ይገባል

ይህ ሰው የሚገድል ስህተት ነው። ምክንያቱ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል አንድ ነው፦ ገመዱ የታሰረው ከኋላ ወይም ከጎን ነው። ኋላው ሞተር ተሸክሟል፣ ጠርዙ ዝቅ ያለ ነው፣ ጠፍጣፋ ስለሆነም ውሃውን ፊት ለፊት ይጋፈጣል። ወንዙ ሲገፋና ገመዱ ወደ ታች ሲስብ ጀልባው በሰከንዶች ውስጥ ሊሞላ ይችላል። ለዓሣ ማጥመድ ቢመችም እንኳ በሚፈስ ውሃ ከአፍንጫው ውጪ አትሰሩ። የተጣበቀ መልህቅንም ከጎን ሆናችሁ በሞተር አትጎትቱ።

ገመዱ ሲወጠርም የሚፈታ ቋጠሮ ተጠቀሙ። ስለታም ቢላ እጃችሁ በሚደርስበት አስቀምጡ። የገመዱ ጫፍ ላይ ተንሳፋፊ ካሰራችሁ፣ ግንድ እየተንሳፈፈ ሲመጣ ገመዱን ለቅቃችሁ ትሸሻላችሁ፤ መልህቁን በኋላ ተመልሳችሁ ታነሱታላችሁ። ላይፍ ጃኬታችሁን ደግሞ ልበሱት እንጂ መቀመጫ አታድርጉት።

ጀልባው ግራና ቀኝ ይዋልላል

መጀመሪያ ገመዱ በትክክል አፍንጫው መሃል ላይ መታሰሩን እዩ። ከዚያ ክብደቱን አመጣጥኑ። የሞተሩን እግር ቀጥ አድርጋችሁ ውሃ ውስጥ ተዉት፤ እንደ መሪ ያገለግላል። ካልበቃ ከኋላ ትንሽ ባልዲ በአጭር ገመድ ልቀቁ።

ራሴ ብሠራውስ?

ድንጋያማ ወለል ላይ ከሆነ እኔ የምመርጠው በቀጭን ፌሮ የተሠራ መንጠቆ ነው። አራት ፌሮ በብረት ቱቦ ውስጥ አሳልፉ፤ ታችኛውን ጫፋቸውን ወደ ውጭ አጥፉ፤ ላዩ ላይ ጠንካራ ቀለበት አስበይዱ። ጣቶቹ ከ8 ሚሊ ሜትር ባይወፍሩ ጥሩ ነው። ሲጣበቅ በኃይል ሲሳብ ይቃናሉ፤ መልህቁ ይወጣል፤ ዳር ላይ መልሳችሁ ታጥፏቸዋላችሁ። አንድ ጣት ደጋግሞ ከታጠፈ ስንጥቅ ስለሚጀምረው ቀይሩት። ቀለበቱ ግን መቼም መቃናት የለበትም፤ ብየዳው ዙሪያውን የተዘጋ ይሁን።