ፕሮባዮቲክ ለኩላሊት ይጠቅማል ሲሏችሁ ምን ትጠይቃላችሁ?

ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ላለበት ሰው «በጥናት የተረጋገጠ» ፕሮባዮቲክ (ለጤና ይጠቅማል ተብሎ የሚወሰድ ሕያው ባክቴሪያ ወይም እርሾ) ሲቀርብለት መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥናቱ ምን ለካ የሚለው ነው። ከዋጋውም ከማስታወቂያውም በፊት።

ሐሳቡ ከመሬት የተነሣ አይደለም። ኩላሊት ሲደክም ዩሪያ የሚባለው የፕሮቲን ቆሻሻ ደም ውስጥ ይጠራቀምና ከፊሉ ወደ አንጀት ያልፋል፣ እዚያ ያሉ ባክቴሪያዎችም ወደ አሞኒያ ይቀይሩታል። ከፕሮቲን ቅሪት ደግሞ የኢንዶክሲል ሰልፌትና የፒ-ክሬሲል ሰልፌት የሚባሉ መርዞች መነሻ ይወጣል፤ የደከመ ኩላሊት እነዚህን በደንብ አያስወጣም። ባክቴሪያው ቢቀየር መርዙ ይቀንሳል ማለት ያስኬዳል።

ግን መርዙ ቀነሰ ማለት ኩላሊቱ ተረፈ ማለት አይደለም! ኤኤስቲ-120 የሚባል የሚዋጥ ከሰል አለ፤ የኢንዶክሲል ሰልፌትን መነሻ አንጀት ውስጥ እያለ ይዞት ይወጣል። በ2015 የታተሙት ሁለቱ የኢፒክ ጥናቶች ከ2,000 በላይ ሕሙማን ላይ ከማስመሰያ መድኃኒት ጋር አወዳደሩት፣ የሕመሙን መባባስ ሲያዘገይ ግን አልታየም። ስለዚህ «ዩሪያ ወረደ» ሲባል ረጋ በሉ፤ ሥጋ መብላት የቀነሰ ሰውም ዩሪያው ይወርዳል። ስንት ሰው ዳያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ጀመረ፣ የማጣራት አቅሙ በዓመታት ውስጥ ምን ሆነ፣ ሰውየው ምን ተሰማው? መታየት ያለበት ይሄ ነው።

ቀጥሎ ብዛትና ጊዜ። በ2016 የወጣው ሲነርጂ የተባለ የአውስትራሊያ ጥናት በወጉ የተሠራ ነው፤ ሆኖም 37 ሰው ብቻ ነበር፣ ሕክምናው 6 ሳምንት። ፒ-ክሬሲል ሰልፌት ቀነሰ፣ ኢንዶክሲል ሰልፌት ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም። የተሰጠውም ፕሮባዮቲክ ብቻ ሳይሆን ከባክቴሪያው ምግብ ጋር ተደባልቆ ነው፤ ሻጮች ይቺን ይዘሏታል። የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ድርጅት በ2023 ያወጣው ግምገማ 45 ጥናቶችን ሰብስቦ ያገኘው 2,266 ሰው ነው፣ በአማካይ ለአንዱ ጥናት 50 ገደማ። ይጠቅማል ብሎ በእርግጠኝነት ለመናገርም አልበቃውም።

የባክቴሪያው ዝርያም ይታይ። ጥናቱ ላይ ያለውና ብልቃጡ ላይ የተጻፈው ከስሙ ኋላ እስካለው የዝርያ ኮድ ድረስ ካልገጠመ ያ ጥናት የዚህ ዕቃ ማስረጃ አይሆንም። ዳያሊሲስ ላይ ባሉ ሰዎች የተሠራውም ገና መጀመሪያ ደረጃ ላይ ላለ ሰው በቀጥታ አይሠራም።

ኩላሊት የተተከለላችሁ፣ የበሽታ መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት የምትወስዱ ወይም ደም ሥር ውስጥ የገባ የዳያሊሲስ ቱቦ ያላችሁ ሐኪም ሳታማክሩ አትጀምሩ። ሕያው ባክቴሪያ ወይም እርሾ ነው፤ አልፎ አልፎ ደም ውስጥ ገብቶ ኢንፌክሽን ያስከትላል። ብልቃጡን ይዛችሁ ሂዱ፣ ፖታሲየምና ፎስፈረስ ያለበት እንደሆነም አብራችሁ አስነብቡ።