የናፍጣ ሞተርን ጉልበት ለመጨመር ሲታሰብ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በባሕር ዳር ፒካፕ ወይም ፕራዶ የሚያሽከረክር ሰው ስለ መኪናው ጉልበት ማሰብ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ በከተማው ሜዳ ላይ ሳይሆን ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር የሚያወጣውን ዳገት ሲያያዘው፣ ወይም ጭነት ይዞ ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን ሲወጣ ነው። በዚህ ጊዜ ሁለት ምክሮች ይቀርቡለታል። አንደኛው በሞተሩ ሴንሰርና በሞተሩ ኮምፒዩተር መካከል የሚሰካ ቱኒንግ ቦክስ የሚባል ትንሽ ሣጥን መግዛት ሲሆን፣ ሁለተኛው በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለውን ፕሮግራም ራሱን ማስለወጥ፣ ማለትም ሪማፕ ማስደረግ ነው። ሁለቱም በትክክል ከተሠሩ ጉልበት ይጨምራሉ፤ ያለ ዕውቀት ከተሠሩ ግን ሁለቱም ሞተር ይጨርሳሉ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በእጅ ያለ ጤነኛ ሞተር በቀላሉ የማይተካ ንብረት ሆኗልና ውሳኔው ጥንቃቄ ይገባዋል።

የታመመን ሞተር ጉልበት እንዳነሰው መቁጠር

ከሁሉ የከፋው ስህተት ይህ ነው። ባለፈው ዓመት በሦስተኛ ማርሽ ይወጣው የነበረውን ዳገት ዘንድሮ በሁለተኛ የሚወጣ መኪና ያጣው ነገር አለና መጀመሪያ የሚፈለገው ያ የጠፋው ነገር ነው። በአቧራ የታፈነ የአየር ፊልትሮ፣ የቆሸሸ የናፍጣ ፊልትሮ፣ ከቱርቦው (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ ከሚያስገባው ክፍል) የሚወጣውን አየር የሚያፈስ የተሰነጠቀ የላስቲክ ቱቦ ወይም የተበላ ኢንጀክተር (ናፍጣ የሚረጨው ክፍል) እያንዳንዳቸው ብቻቸውን መኪናውን አልጎትት ሊያስብሉት ይችላሉ። ነዳጅ በጠፋባቸው ሳምንታት ከመንገድ ዳር በጀሪካን የተገዛ፣ ውሃ የተቀላቀለበት ናፍጣ ለኢንጀክተርና ለፓምፕ ምን ያህል ጠላት እንደሆነም መካኒኮቻችን በሚገባ ያውቃሉ።

በተለይ ባለ 3.0 ሊትሩ የቶዮታ ዲ ፎር ዲ ሞተር ባለቤቶች ከኢንጀክተሮቹ ሥር ያለውን የመዳብ ማሸጊያ ሳያስፈትሹ አንዳች ነገር እንዳይጨምሩ አጥብቄ እመክራለሁ። ማሸጊያው ሲያልቅ የቃጠሎው ጋዝ ሾልኮ ወደ ሞተሩ የላይኛው ክፍል ይገባል፤ ዘይቱን እያከሰለ ጥቀርሻ ይሠራል፤ ጥቀርሻውም ወርዶ ፓምፑ ዘይት የሚስብበትን ወንፊት ይደፍናል። በዚህ ደረጃ ላይ ለሚገኝ ሞተር ተጨማሪ ግፊት መስጠት ዘይት ያጣ ሞተር ላይ ጭነት መጨመር ነው።

የሞተሩን ዓይነት ሳያውቁ መግዛት

ባለ 4.2 ሊትር ዋን ኤች ዜድ ሞተር የተገጠመለት የቆየ ላንድክሩዘር፣ እንዲሁም ፋይቭ ኤል ሞተር የተገጠመላቸው የቀድሞዎቹ ሃይሉክስና ሃይኤስ ናፍጣቸውን የሚያገኙት በኮምፒዩተር ከማይታዘዝ ሜካኒካል ፓምፕ ነው፤ ቱርቦም የላቸውም። በእነዚህ መኪናዎች ላይ ሣጥኑ የሚያታልለው፣ ሪማፑም የሚለውጠው ነገር የለም። እንደ ቪትዝና ኮሮላ ባሉ ቱርቦ አልባ የቤንዚን መኪናዎችም በፕሮግራም የሚገኘው ጭማሪ ከጥቂት በመቶ አያልፍም። ከመሪው በታች ባለው የመመርመሪያ ሶኬት ላይ ተሰክቶ መብራት ብልጭ ድርግም የሚያደርገው ርካሽ መሰኪያ ደግሞ ከመብራቱ በቀር የሚሠራው ሥራ የለውም።

ሣጥኑንና ሪማፑን እንደ አንድ ነገር መቁጠር

ሣጥኑ ኮምፒዩተሩን አይለውጠውም፤ የተሳሳተ መረጃ ይሰጠዋል። በዘመናዊ የናፍጣ ሞተር ውስጥ ነዳጁ በአንድ የጋራ ቧንቧ ታምቆ ወደ ኢንጀክተሮቹ ይሄዳል፤ በቧንቧው ላይ ያለው ሴንሰርም የግፊቱን መጠን በኤሌክትሪክ ቮልቴጅ ለኮምፒዩተሩ ያሳውቃል። ለምሳሌ ኮምፒዩተሩ 1,200 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ቢፈልግና ቧንቧውም በትክክል 1,200 ባር ላይ ቢሆን፣ መሐል የተሰካው ሣጥን ቮልቴጁን ዝቅ አድርጎ «1,100 ብቻ ነው» ይለዋል። ኮምፒዩተሩም ጎደለ ብሎ ግፊቱን ከፍ ያስደርጋል፤ በእውነተኛው ቧንቧ ውስጥ ያለው ግፊት 1,300 ባር ገደማ ይደርሳል። ኢንጀክተሩ የሚከፈትበት ጊዜ ሳይለወጥ ግፊቱ ስለጨመረ ብዙ ናፍጣ ይረጫል፤ ጉልበቱም ይጨምራል።

ጉዳቱ የሚጀምረው ኮምፒዩተሩ ይህን ባለማወቁ ነው። ጭስን ለመገደብና ሞተሩን ለመጠበቅ የሚያደርጋቸው ስሌቶች ሁሉ በተሳሳተ ቁጥር ላይ የተመሠረቱ ይሆናሉ። በዳሽቦርዱ ላይ የሚታየው የነዳጅ ፍጆታም ከእውነተኛው ያነሰ ስለሚሆን፣ ብዙ ሰው «ሣጥኑ ነዳጅ ቆጠበልኝ» የሚለው ይህን ቁጥር አምኖ ነው።

ሪማፕ የሚለውጠው የኮምፒዩተሩን የራሱን ትእዛዝ ነው፤ የናፍጣውን መጠን፣ የሚረጭበትን ቅጽበት፣ የቱርቦውን ግፊትና የጭሱን ገደብ እርስ በርሳቸው አስማምቶ ማስተካከል ይቻላል። ስለዚህ ጤናው በተረጋገጠ ሞተር ላይ፣ ሥራውን በሚያውቅ ባለሙያ በልኩ የተሠራ ሪማፕን ከሣጥን አስበልጣለሁ። ሣጥኑ የተሻለ ምርጫ የሚሆነው መኪናው በቅርቡ የሚሸጥ ወይም ወደ ነበረበት መመለስ ያለበት ከሆነ፣ አለዚያም ሪማፕ የሚሠራ የሚታመን ሰው በአቅራቢያ ካልተገኘ ነው፤ ያኔም ቢሆን ለዚያ ሞተር ተብሎ የተሠራ ይሁን፤ በዝቅተኛው ደረጃም ይጀመር።

የምንኖርበትን ከፍታ መርሳት

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው 80 በመቶ ያህል ነው፤ በ2,700 ሜትር አካባቢ ባለችው ደብረ ታቦር ደግሞ 72 በመቶ ገደማ ይሆናል። ቱርቦ ያለው ሞተር ይህን ጉድለት የሚሞላው ቱርቦውን ይበልጥ በማሽከርከር ነው። ሞተሩ 2.2 ባር የታመቀ አየር ቢያስፈልገው፣ በባሕር ጠለል ላይ ቱርቦው የውጭውን አየር 2.2 ጊዜ ያህል ማመቅ ይበቃዋል፤ በባሕር ዳር 2.7 ጊዜ፣ በደብረ ታቦር 3 ጊዜ ማመቅ ይኖርበታል። ይህ ማለት ቱርቦው ገና ምንም ሳይጨመርበት ወደ አቅሙ ጫፍ ተጠግቷል ማለት ነው።

በመሆኑም በባሕር ጠለል አጠገብ ላለ አገር የተዘጋጀን የሪማፕ ፋይል ከኢንተርኔት አውርዶ እዚህ መጫን ትልቅ ጥፋት ነው። አየሩ ሳይበቃ ናፍጣው ሲበዛ የሚታየው ጥቁር ጭስ ጉልበት ሳይሆን ሳይቃጠል የወጣ ገንዘብ ነው፤ የጭሱ ሙቀትም ቱርቦውንና ፒስተኑን ይጎዳል። ጭነት የሚያመላልስ ሰው ከቱርቦው በፊት የሚገጠም የጭስ ሙቀት መለኪያ ቢያስገባና ረጅም ዳገት ላይ መለኪያው ከ700 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ ማርሽ ቀንሶ ነዳጅ መርገጫውን ቢያላላ፣ ለመለኪያው ያወጣው ገንዘብ ይካሳል። ባለሙያውንም «ፋይሉ ለዚህ ከፍታ ታስቦ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም፤ ጥያቄውን በትዕግሥት የማይመልስ ሰው ሞተሩን ባይነካው ይሻላል።

በደከመ ባትሪ ላይ መሥራትና የመጀመሪያውን ፋይል አለማስቀመጥ

አዲሱ ፕሮግራም እየተጻፈ ሳለ ቮልቴጁ ከወረደ ኮምፒዩተሩ ግማሽ ሥራ ላይ ይቀራል፤ መኪናውም ላይነሳ ይችላል። መብራት በሥራ መሐል በሚሄድበት ከተማ በግድግዳ ቻርጀር ብቻ መተማመን ስለማይበቃ፣ ጤነኛና የተሞላ ባትሪ አብሮ መያያዝ አለበት። ሥራው ከመጀመሩ በፊት የተነበበው የፋብሪካው ፋይል ቅጂም በፍላሽ ለባለቤቱ ይሰጥ፤ ጋራዡ ቢዘጋ ወይም ባለሙያው ከተማ ቢለቅ መኪናውን ወደ ነበረበት የሚመልሰው ያ ቅጂ ነው።

ሪማፕ በተደረገ ሞተር ላይ ሣጥን መጨመር ፈጽሞ አይገባም። ያረጀ ፍሪሲዮንም ጭማሪውን አይችለውም፤ በከፍተኛ ማርሽ ሲረገጥ የሞተሩ ዙር እየጨመረ ፍጥነቱ ካልጨመረ መንሸራተት ጀምሯልና ቅድሚያ ይቀየር።

ውጤቱን በስሜት መለካት

በግፊት ሴንሰሩ ሳይሆን በነዳጅ መርገጫው ላይ የሚሰኩ ሣጥኖች የመርገጫውን ምላሽ ብቻ ያፈጥናሉ፤ እግር ገና ሲነካው መኪናው ስለሚፈናጠር ጉልበት የጨመረ ይመስላል፤ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ግን ከቀድሞው የተለየ ነገር የለም። ስለዚህ ከሥራው በፊትና በኋላ አንድን ዳገት በተመሳሳይ ጭነት፣ በተመሳሳይ ማርሽና በተቀራረበ የቀን ሙቀት ወጥቶ ጊዜውን መመዝገብ ያስፈልጋል። ፍጆታውንም ታንከሩን ሞልቶ ጎንደር ደርሶ በመመለስ፣ በዚያው ማደያ እንደገና ሞልቶ፣ የገባውን ሊትር ከተነዳው ኪሎ ሜትር ጋር በማነጻጸር ማስላት ይቻላል፤ የዳሽቦርዱ ቁጥር ሣጥን በተሰካበት መኪና ላይ ማስረጃ ሊሆን አይችልም።