የአሜሪካ የንግግር ሕክምና ላይሰንስ፦ ከሰሜን ሸዋ ሳይነሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የእህቴ ልጅ ደብረ ብርሃን ተወልዳ ያደገች ስፒች ቴራፒስት ናት። አሜሪካ ሄዳ በሙያዋ ልትሠራ ስትነሳ ወረቀቱን አብረን ነው የተንገላታነው። ከሸዋ ሮቢትም ከመሐል ሜዳም የሚጠይቁኝ ልጆች ስላሉ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ዲግሪውን ፈቃድ አድርጎ መቁጠር። እዚያ ስፒች ቴራፒስት ለመሆን ማስተርስ፣ የመስማት ባለሙያ (ኦዲዮሎጂስት) ለመሆን ደግሞ ዶክትሬት ያስፈልጋል። እዚህ በመጀመሪያ ዲግሪው ሕፃናትን ሲያክም ለኖረ ሰው ይህ ያማል። እኛንም አሞናል። ግን ዲግሪው አይጣልም፤ ለማስተርስ የምታመለክቱት በእሱ ነው።

ላይሰንስንና ሰርተፊኬትን ማምታታት። ላይሰንስ የሚሰጠው እያንዳንዱ ስቴት ነው። አሻ የሚባለው የሙያ ማኅበር የሚሰጠው ሲሲሲ የብቃት ማረጋገጫ ነው፤ መንገዱን ቢያቀልም ላይሰንሱን አይተካም። ቨርጂኒያ ያለ ዘመድ በነገራችሁ ሜሪላንድ ላይ አትመሩ።

ሥራ ላይ የቆየሁበት ይቆጠርልኛል ማለት። ለሲሲሲ በስፒች የሚጠየቀው በትምህርት ላይ እያሉ፣ ብቁ ተቆጣጣሪ ባለበት የተሠራ 400 ሰዓት ነው። 25ቱ ምልከታ፣ 375ቱ ከታካሚ ጋር። ከምረቃ በኋላ ደግሞ ቢያንስ 36 ሳምንትና 1,260 ሰዓት በክትትል መሥራት አለ። ፕራክሲስ የተባለው ፈተና ማለፊያው 162 ነው።

ስምና ቀን ሳያስተካክሉ መሄድ። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው፣ እኔም አጥብቄ የምለምናችሁ ይህንን ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። አንዱ ሰነድ በአባት ስም ያበቃል፣ ሌላው እስከ አያት ይሄዳል። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ፊደሉም ይለያያል። ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ሁሉንም አንድ አድርጉ። የቀኑ ነገር ደግሞ ይብሳል። የእኛ ልጅ ልደቷ ወደ ፈረንጅ ተቀይሮ 1998 ተብሏል። ምረቃዋ ግን በእኛው 2012 ተጽፎ ቀረ። ለሚያነበው ሰው በ14 ዓመቷ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳለች! ትክክለኛው 2020 ነበር። ይህን ለማስቀየር ስንት ጊዜ ተመላለስን። አገር ቤት ሳላችሁ በአካል ሄዳችሁ አስተካክሉት። ከሄዳችሁ በኋላ ውክልና መላክ ሊመጣ ነው፤ ወኪሉ ደግሞ እንደ ባለቤቱ አይከራከርም።

ኮስት ሼሪንግን ማቆየት። ሳይከፈል ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አይወጣም። ቀድማችሁ ጨርሱት።

የታሸገውን ፖስታ መክፈት። የትምህርት ማስረጃ ገምጋሚዎቹ ትራንስክሪፕቱን ከተቋሙ እንደታሸገ ነው የሚፈልጉት። የልጅቷ አጎት ስሟ በትክክል መጻፉን ልይ ብሎ ቀደደው። በቅን ልቡ ነው። እኛ ግን ሌላ ለማስወጣት እንደገና አዲስ አበባ ወረድን፣ ያን ጊዜ አንድ ታሽጎ የሚላክ፣ አንድ ደግሞ ለእኛ የሚታይ ብለን ሁለት አስወጣን።